መቀበሉንስ እናውቅበታለን፤ መሸኘቱን ማን ያሠልጥነን?

ጥቂት ዓመታት አልፈውታል። ደሴ ውስጥ ከተማው ባሰናዳው አንድ በዓል ላይ አስተባባሪ ነበርኩ። አስተባባሪ ያደረገኝ ሥልጠና እንዳይመስላችሁ፤ ሰደርያ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ብርቱካናማ ሰደርያ አለበሱኝና “ሥርዓት አስከብር” አሉኝ። የት ቆሜ? ከማን ጋር? አንድ ነገር ቢፈጠር ለማን ነው የምደውለው? እኔም አልጠየቅኩ፣ እነሱም አልነገሩኝ። እስከ ቀትር ድረስ ሥራዬ የክብር እንግዶች ወንበር ላይ ሌላ ሰው እንዳይቀመጥ መጠበቅ ነበር። ይህን በሚገባ ተወጥቻለሁ።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ። የደሴን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። በጦሳ ተራራ በኩል ከጠቆረ ጥላ ለመዘርጋት እንኳ ፋታ የለም። ሜዳውን የሞላው ሰው ባንድ ጊዜ ወደ በሩ ዞረ። በሩ ደግሞ አንድ ነው። ከበሩ ውጭ የእንግዶቹ መኪኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። ፊት ያለው መውጣት አቃተው፤ ኋላ ያለው ይህን ስለማያይ ይገፋል። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ላይ አነሱ። እኔ ሰደርያዬን እንደለበስኩ ግንቡ ላይ ተለጥፌያለሁ።

ነገሩን ያበረዱት የሰፈራችን የቅሬ ዳኛ ናቸው፤ ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። በሩ አጠገብ ያለ የድንጋይ ካብ ላይ ወጡና ፊት ያለውን ትተው ኋላ ያለውን ሰው ተጣሩ። “ባላችሁበት ቁሙ! ፊት ሕፃናት አሉ፣ ቁሙ!” ለቀብር ሲጣሩ የኖሩበት ድምፅ ነው፤ ማይክ አይፈልግም። ኋላ ያለው ቆመ። ፊት ያለው ትንፋሽ አገኘ። ሾፌሮቹም ተፈልገው መኪናቸውን አነሱ። የጠፋ ጫማ ብዙ ነበር፤ የጠፋ ሰው ግን አልነበረም። ማታ ሳገኛቸው “ጋሼ፣ ዛሬ እርስዎ ባይኖሩ ጉድ ፈልቶ ነበር” አልኳቸው።

“ልጄ፣” አሉኝ፣ “ድግስ የጠራ ሰው መቀበሉን ብቻ ነው እንዴ የሚያስበው? መሸኘቱስ?”

ይህቺ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀችኝም። መቀበል ወሎ ያውቅበታል። ደሴ የንጉሥ ሚካኤልን የግብር አዳራሽ “አይጠየፍ” ብላ የምትጠራ ከተማ ናት፤ ስሙ ራሱ ሁሉም ይግባ ይላል። ግን በድሮው ግብር ቤት ውስጥ አጋፋሪ የሚባል ሰውም ነበር። ማን መጀመሪያ እንደሚገባ፣ ማን እንደሚከተል፣ የበላው መቼ ተነስቶ ለሌላው ቦታ እንደሚለቅ የሚያውቅ ሰው። ሰው የሚስተናገደው በየተራ ነበር። አጋፋሪነት ሹመት ነው፣ ሙያም ነው። የዛሬው አስተባባሪ የአጋፋሪ ወራሽ ነው እንበል፤ የወረሰው ግን ዱላውን እንጂ ዕውቀቱን አይደለም።

ነገሩን አሁን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ደሴና ኮምቦልቻ በኮሪደር ልማት መንገዳቸውን እያሰፉ፣ የእግረኛ መሄጃና ክፍት ቦታ እያበጁ ናቸው። ክፍት ቦታ ሲገኝ ዝግጅት ይመጣል። ባዛር፣ የጎዳና ሩጫ፣ ኮንሰርት፣ የመንገድ ላይ ትርዒት። ይህ እንግዲህ ቀድሞ በነበረው ላይ ሲጨመር ነው። ነሐሴ 16 ሲደርስ በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል አለ። መስከረም 16 ደመራ፣ መስከረም 21 ግሸን፣ ታኅሣሥ 29 ላሊበላ፣ ጥር 11 ጥምቀት። መውሊዱና ኢዱ በየዓመቱ ቀኑን እየቀያየረ ይመጣል። በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት የአንዳንዱ ዓመት በዓል ቀዝቀዝ ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ሰላም ሲወርድ ግን ሰው የሚወጣው በእጥፍ ነው።

የከተማ በዓል እንዴት እንደሚዘጋጅ ከውስጥ ያየ ሰው ሒደቱን በቃሉ ይወጣዋል። በዓሉ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ዐቢይ ኮሚቴ ይቋቋማል። ዐቢዩ ንዑሳንን ይወልዳል፤ የመድረክ፣ የመስተንግዶ፣ የገንዘብ፣ የሚዲያ፣ የጸጥታ። ስፖንሰር ይለመናል። ቲሸርት ይታተማል፤ መጠኑ ሁልጊዜ ወይ ይጠባል ወይ ይሰፋል። በዓሉ ያልፋል፣ የምስጋና ሰርተፊኬት ይታደላል፣ ኮሚቴው ይበተናል። የተማረው ነገር ካለም አብሮት ይበተናል። በሚቀጥለው ዓመት ኃላፊው ተቀይሯል፣ ፋይሉ የት እንዳለ የሚያውቀው ጸሐፊ ተዛውሯል፣ ሁሉም ከሀ ይጀምራል።

የጸጥታ ንዑስ ኮሚቴስ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ሥራውንም ይሠራል። በር ላይ ይፈትሻል፣ መንገድ ይዘጋል። ችግሩ ኮሚቴው የሚፈልገው ክፉ ሰው መሆኑ ነው። በጎ ሰው ሲበዛ የሚመጣው አደጋ ግን የማንም የሥራ ድርሻ አይደለም። ለጨዋታ የመጣ፣ ነጭ የለበሰ፣ ልጁን በትከሻው የያዘ ሰላማዊ ሕዝብ ራሱን በራሱ ሊያፍን ይችላል። ለዚህ ነው ሥልጠና የሚያስፈልገው። ነገሩ በደመ ነፍስ አይገባም።

እስቲ በቁጥር እንየው። አንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 2 ሰው ቢቆም እንደልቡ ነው። 4 ቢቆም ትከሻ ለትከሻ ይነካካል፣ ግን ይቻላል። ከ5 ሲያልፍ ሰው እርምጃውን ራሱ መምረጥ ያቅተዋል። 6 እና 7 ሲደርስ ሕዝቡ እንደ ውኃ ይሆናል። አንድ ጥግ ላይ የተገፋው ግፊት በማዕበል ሌላ ጥግ ይደርሳል፤ ሰው እግሩ መሬት ሳይነካ ይሄዳል። ብዙዎቻችን በእንዲህ ያለ አደጋ ሰው የሚሞተው ተረግጦ ይመስለናል። አብዛኛው የሚሞተው ቆሞ ነው። ደረቱ ተጨምቆ አየር ማስገባት ያቅተዋል። ስለዚህ “ሕዝቡ ደንግጦ ተረጋገጠ” የሚለው ዜና ብዙ ጊዜ ጥፋቱን ከቦታውና ከአዘጋጁ አንስቶ በሟቹ ላይ ይጭናል።

አሁን 40 ሜትር በ50 ሜትር የሆነ ሜዳ እንውሰድ። 2,000 ካሬ ሜትር ነው። በ2 ሰው ሒሳብ 4,000 ሰው ይይዛል፤ መድረኩና ድንኳኑ ሲቀነስ ደግሞ ያንሳል። መግባቱ አያስቸግርም፤ ሰው ከጠዋት ጀምሮ እየተንጠባጠበ ነው የሚገባው። መውጣቱ ነው ጉዱ፤ ሁሉም ባንዴ ነው። የእንግሊዝ የስታዲየም ደኅንነት መመሪያ በሜዳማ መሬት በአንድ ሜትር ስፋት በደቂቃ ቢበዛ 82 ሰው ይወጣል ይላል፤ በደረጃ ላይ 66 ብቻ። በሩ 3 ሜትር ከሆነ በደቂቃ 246 ሰው ነው። 4,000 ሰው ለማስወጣት ከ16 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ያው መመሪያ ሰው ቢበዛ በ8 ደቂቃ ይውጣ ይላል። እንግዲህ ከ6 ሜትር በለጥ ያለ በር ሊኖረን ነው ማለት ነው። ይህን ለማስላት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ሜትርና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። ግን የትኛው የበዓል ኮሚቴ ነው ቃለ ጉባኤ ላይ የበር ስፋት የጻፈው?

ከውጭ አንድ ታሪክ ላንሳ፤ ለእኛ በጣም ስለሚቀርብ ነው። ጥቅምት 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ሌሊት በደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ በሴኡል፣ ኢቴዎን በተባለ ሰፈር፣ ወጣቶች ለጨዋታ ወጡ። 3 ሜትር ከምናምን በምትሰፋ ቁልቁለት መተላለፊያ ውስጥ ወጪና ወራጅ ተጋጠሙ። 159 ሰው ሞተ። ሀብታም አገር ነው፣ ካሜራ አለው፣ ፖሊስ አለው። “እዚህ ሰው ሊታፈን ነው” የሚል የመጀመሪያው ስልክ ለፖሊስ የተደወለው ከምሽቱ 12፡34 ላይ ነበር፤ አደጋው የደረሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ። ከሁሉ የሚገርመኝ ምክንያቱ ነው። የአገሪቱ የበዓላት ደኅንነት መመሪያ የሚመለከተው አዘጋጅ ያላቸውን ዝግጅቶች ነበር። ያ ምሽት አዘጋጅ አልነበረውም፤ ሰው በራሱ ጊዜ ነው የወጣው። ስለዚህ ዕቅድ የማውጣት ግዴታ የወደቀበት አልነበረም። የእኛ በዓላት ግማሾቹ እንዲህ አይደሉም ወይ? ሃይማኖቱ የምእመኑ፣ ባህሉ የልጃገረዶቹ፣ መንገዱ የማዘጋጃ ቤቱ። የሁሉም ነው ሲባል የማንም ይሆናል።

ከቤታችንም አለ። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ በእሬቻ በዓል ላይ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። መንግሥት የሟቾቹ ቁጥር 55 ነው አለ፤ ሌሎች ከዚያ በላይ ያደርሱታል። የአስለቃሽ ጭሱና የፖለቲካው ጥያቄ ራሱን የቻለ ትልቅ ጥያቄ ነው፤ እኔ በዚህ ጽሑፍ አልዘጋውም። አንድ ነገር ግን ለአዘጋጅ ሁሉ ትምህርት ነው። ብዙ ሰው የወደቀው ጥልቅ ቦይ ውስጥ ነው። ቦዩ በዚያ ቀን አልተቆፈረም። ቀድሞም ነበር።

መሬት ማንበብ የምንለው እንግዲህ ይህ ነው። በወሎ መሬት ላይ ደግሞ ሜዳ ብርቅ ነው። ግሸን አምባ ናት፤ መግቢያዋ አንድ ነው። መስከረም 21 ላይ ወጪው ሽቅብ፣ ተመላሹ ቁልቁል፣ በዚያው በር ይተላለፋሉ። ላሊበላ ዓለት ውስጥ የተፈለፈሉ 11 አብያተ ክርስቲያናት አሏት። መተላለፊያዎቹ ሲቆፈሩ የታሰበው ለካህናትና ለምእመን እንጂ ለዛሬው የገና ሕዝብ አይደለም። ዓለቱን አናሰፋውም፣ ይስፋ የሚልም የለም። የሚቻለው ሰውን ማፈራረቅ፣ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት መለየት፣ ከላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ማቆም ነው። ይህን የሚያውቁ አባቶችና ዲያቆናት በየቦታው አሉ፤ ዕውቀታቸው ወደ ከተማው ቢሮ የሚደርስበት መንገድ ግን አልተቀየሰም።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት ያስተምራል? የአሜሪካ የአደጋ አስተዳደር ተቋም ፌማ ለልዩ ዝግጅቶች የደኅንነት ዕቅድ የሚያስተምር ኮርስ በኢንተርኔት በነጻ ይሰጣል። እዚያው አገር በሰፊው የሚሠራበት የእሳት ደኅንነት ደንብ ደግሞ ብዙ ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ ለ250 ሰው ቢያንስ አንድ የሠለጠነ አስተባባሪ ይመድባል። በዚያ ሒሳብ ለ4,000 ሰው 16 ያስፈልጋል ማለት ነው። እኛ የዚያን ቀን ሠላሳ ገደማ ነበርን። የሠለጠነ ከተባለ፣ ዜሮ።

ሥልጠናው ውስጥ ካለው ሁሉ እኔ ለእኛ ከባዱ ነው የምለው ሒሳቡ አይደለም። “ይቁም” የማለት ሥልጣን ነው። በደንብ በተዘጋጀ ዝግጅት ውስጥ ዝግጅቱን የሚያስቆም አንድ ሰው ስሙ ተጽፎ ይታወቃል። በየትኛው ምልክት እንደሚያስቆምም አስቀድሞ ተስማምተዋል። ለምሳሌ መብረቅ። ብልጭታውን ካየን በኋላ 30 ሳንቆጥር ነጎድጓዱ ከተሰማ ሜዳ ላይ መቆየት አደጋ ነው፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ ደግሞ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይመለሱም። አሁን ይህን ወደ ነሐሴው በዓላችን አምጡት። የክብር እንግዳው ንግግር ላይ ናቸው። ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ። ሰማዩ ያጉረመርማል። ማነው መድረክ ላይ ወጥቶ “ክቡርነትዎ፣ እዚህ ጋ ይበቃል” የሚላቸው? ፕሮግራም መሪው? ሥራው ያሳሳዋል። ሥልጠና የሚጠቅመው ለዚህም ነው፤ ደፋር ሰው ከመፈለግ ያድነናል። ወረቀቱ ላይ ከተጻፈ ያስቆመው ሰው ሳይሆን ወረቀቱ ነው። ክቡርነታቸውም አያፍሩም።

ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮችም አሉ። በእርጥብ ሣር ላይ የተዘረጋ የሞንታርቦ ገመድ። ሰው መሀል የተቀመጠ ጀነሬተርና አጠገቡ ያለ የቤንዚን ጀሪካን። አምቡላንስ የሚገባበት መንገድ ላይ የተተከለ የስፖንሰር ድንኳን። 907 ቢደወል የቀይ መስቀሉ ሾፌር “በየት በኩል ልግባ?” ሲል የሚመልስለት ሰው። አሸንድዬ የልጃገረዶች በዓል ሆኖ ሳለ ለሴቶች የሚሆን መጸዳጃ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። ሲመሽ ወደ ቤት የሚመለሱበት መንገድ መብራት አለው ወይ? የሚተናኮሱ ጎረምሶችን የሚያየው ማነው? የጠፋ ልጅ የሚቀመጥበት ቦታ የት ነው? መድረኩ ላይ ስሙን እየጠሩ “ቀይ ሹራብ የለበሰ ልጅ” ማለት መፍትሔ ይመስላል። ልጁ የእሱ ያልሆነ ሰው መጥቶ “የእኔ ነው” ቢልስ?

ሥልጠና ስል ግን ፈራ ተባ እያልኩ ነው። ሥልጠና በእኛ አገር ምን እንደሆነ እናውቃለን። ሁለት ቀን፣ ሆቴል ውስጥ፣ 94 ስላይድ ያለው ፓወር ፖይንት፣ በሻይ ሰዓት “አበሉ ስንት ነው?” የሚል ሹክሹክታ፣ በመጨረሻ የቡድን ፎቶ። ከዚያ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ይወጣል፣ ዕውቀቱ ሆቴሉ ውስጥ ይቀራል። የበዓል ደኅንነት እንዲህ አይማሩትም። ክፍሉ ሜዳው ራሱ ነው። ሠልጣኙ ሜትር ይዞ በሩን ይለካል፣ ቦዩን ያያል፣ ገመዱን ይከተላል። ከዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የጨዋታ ያህል ይለማመዳሉ። “ሰዓቱ 9 ከሩብ ነው። መብራት ጠፋ፣ ማይኩ አይሠራም፣ በስተግራ አንዲት ነፍሰ ጡር ወደቀች። አንተ ምን ታደርጋለህ? አንቺስ ለማን ትደውያለሽ?” መልሱ “ለኮሚቴው አሳውቃለሁ” ከሆነ እንደገና ይጀመራል።

አሠልጣኝ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ እኔ ሩቅ አልሄድም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የጤና፣ የምሕንድስናና የቱሪዝም ትምህርት በአንድ ቤት። የሙያ ኮሌጆች አሉ፤ ኤሌክትሪኩንና የመድረክ ብየዳውን ያውቁታል። ቀይ መስቀል የመጀመሪያ ዕርዳታ ያስተምራል። የባቲ ሰኞ ገበያ እንኳ አንድ ትምህርት ቤት ነው፤ ግመሉ ለብቻ፣ እህሉ ለብቻ፣ ስንት ሺህ ሰው በየሳምንቱ ገብቶ ይወጣል።

ዋናው መምህር ግን ቅሬ ነው ባይ ነኝ። ቅሬ በሰዓታት ውስጥ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያወጣል፣ መቶዎችን ያስተናግዳል። ዕቃው በቁጥር ወጥቶ በቁጥር ይመለሳል። ማን ምን እንደሚሠራ ሰው አይጠይቅም፣ ያውቃል። የቀረ ይቀጣል። ከሁሉ በላይ ቅሬ አይበተንም። ዳኛው ቢሞት መዝገቡ አለ፣ መዝገቡ ቢጠፋ የሚያስታውስ አለ። የከተማው ኮሚቴ ያጣው ይህን ነው። በዚያ ላይ በብዙ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ያለበት ነው፤ የመውሊዱም የደመራውም አስተናጋጅ ከዚያው ይገኛል።

ቅሬ ሁሉን ያውቃል ማለቴ አይደለም። ለቅሶ የመጣ ሰው ዝግ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ለኮንሰርት የመጣ ሃያ ዓመት ልጅ ሌላ ነው። ባለ ብዙ ኪሎዋት ድምፅ፣ ከብረት የተበየደ መድረክ፣ የተዘጋ አጥር፣ እነዚህ በቅሬ ሕግ ውስጥ የሉም። ስለዚህ የቅሬ ዳኞችና ወጣቶቻቸው ከከተማው ፖሊስ፣ ከጤና ባለሙያውና ከማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ጋር አንድ ላይ ይሠልጥኑ ነው የምለው። የወጣውም ዕቅድ በዓመቱ ለሚመጣው ኃላፊ በፊርማ ይተላለፍ፤ እንደ ቅሬ ዕቃ፣ በቁጥር። ገንዘብ የለም የሚል ካለ የቲሸርቱን ሒሳብ ያሳየኝ።

ባለፈው ሰሞን ነገሩን ልጽፍ ስነሳ የዚያን ዓመቱን ሜዳ ደግሜ ላየው ሄድኩ። ከአናጺ ጎረቤቴ ሜትር ተውሼ። በሩን ለካሁት፤ 2 ሜትር ከ80 ሆነ። ባለ ሁለት ተካፋች ነው። የቀኙ ተካፋች ከላይ እስከ ታች በሽቦ ታስሯል፤ እንግዲህ 1 ሜትር ከ40 ነው ያለን። ጥበቃውን “ወንድም፣ ይሄኛው ለምንድነው የታሰረው?” አልኩት።

“ቁልፉ ጠፍቶ ነው” አለኝ።

“መቼ?”

“ያኔ፣ በዓሉ ላይ። ዝናብ የመጣ ቀን።”